አስራ አንደኛው ስም

ዶን ላዲስላኦ ቤሩቲ የተገኙት ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው፣ ቀኝ እጃቸው ቀይ እርሳስ እንደጨበጠ ነበር። ጸሐፊያቸው ቼላ ቦኖሚ ከፖስታ ቤት ተመልሳ፣ ለአስራ አንድ ሰዓት አስር ጉዳይ ላይ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ወለሉ ላይ የወደቀውን የወረቀት መጫኛ ብረት ነው። ቀጥላ የአለቃዋን ማጅራት አየች። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አታስታውስም፤ ጩኸቷን ግን ምድር ቤት ያለው አታሚ ሳይቀር ሰምቶታል።

መርማሪ ባሲሊዮ ኤቻርት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሰ። ዝናብ ያረሰረሰውን ባርኔጣ በእጁ ይዞ፣ ከአስከሬኑ ይልቅ ጠረጴዛውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከሟቹ ፊት በታይፕ የተጻፈ ረቂቅ ተዘርግቷል፤ የአንድ ልቦለድ የመጨረሻ ምዕራፍ ነው። የምዕራፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተሰመረ፣ የደበዘዘ ቀይ የኤክስ ምልክት አለ። የመጨረሻው ገጽ ላይ የሰዎች ስም ተደርድሯል። ኤቻርት በጣቱ ቆጠራቸው፤ አስራ ዘጠኝ ናቸው። ከአስራ ሁለተኛው ስም ጀምሮ እስከ ታች ድረስ ገና ያልደበዘዘ ወፍራም ቀይ መስመር ወርዶባቸዋል።

«ይህን ማንም እንዳይነካው» አለ፤ ባርኔጣውንም ወንበር ላይ አኖረ።

አሳታሚ ቤቱ «ላ ቬሌታ» ይባላል፤ በአሮጌው ሞንቴቪዴዮ፣ ከወደቡ ሦስት መንገድ ፈቀቅ ብሎ ያለ ጠባብ ቤት ነው። ማተሚያው ምድር ቤት ነው። ፎቁ ላይ የቼላ ጠረጴዛ፣ የአርታኢው የዶን ላዲስላኦ ክፍል፣ ከእሱም ቀጥሎ የአራሚው ጠባብ ክፍል አሉ። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ወረቀት የሚቀባበሉበት በር አለ። በዚያ ከሰዓት በኋላ ከሟቹ ሌላ ቤቱን የረገጡት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ኤቻርት ከቼላ ጀመረ። ልጅቱ ሥራ ከገባች ሦስት ወሯ ነው፤ ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ አፍልታ በመምጠጫው አቀረበችለት።

«ከአስር ሰዓት በፊት ማን ገባ?»

«ወደ እሳቸው ማንም አልገባም። ዶን አውሬሊዮ ብቻ በዘጠኝ ሰዓት መጥተው ወደ ክፍላቸው አለፉ፤ አራሚያችን ናቸው።»

«አስር ሰዓት ላይ ዶን ላዲስላኦ በሕይወት ነበሩ?»

«እንዴታ! ሲያነቡ ሰምቻቸዋለሁ፤ ያውም ጮክ ብለው።»

«ምን ሲያነቡ?»

«ስም ነዋ። ኢላሪዮ ቤንቶስ ነጠላ ሰረዝ፣ ፔትሮና ዱትራ ነጠላ ሰረዝ... ለመጽሐፉ ምርቃት የሚጠሩ እንግዶች መስለውኝ እኮ ነው። በልቤ ‹ይሄ ሁሉ ሕዝብ የት ሊቀመጥ ነው? ያለን አስራ ሁለት ወንበር› አልኩ።» ልትስቅ ቃጥቷት አፏን ያዘች።

«ጮክ ብለው አልሽ?»

«እኔንም ገርሞኛል። ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ከሆኑ ወዲህ ንግግራቸው ሹክሹክታ ነው። ማቴ አምጪ ሲሉኝ እንኳ ከንፈራቸውን አይቼ ነው የማውቀው።»

አስር ሰዓት ከሩብ ላይ ደብዳቤ ለማስገባት ወጣች። በሩ እንደተዘጋ ነበር፤ ንባቡ ግን አብቅቷል።

ሁለተኛው አታሚው ሮዶልፎ ካሳኖ ነው፤ ክንዱ እስከ ክርኑ ጥቁር ቀለም የጠጣ፣ አፉ የማይዘጋ ሰው።

«እኔን ከጠረጠሩ ጌታዬ ቶሎ ይሰሩኝና እዚያው እስር ቤት ልተኛ፤ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐሜት አይሁንብኝ እንጂ፣ አስር ሰዓት ተኩል አልፎ ያቺ የገጠሯ ደራሲ ከደረጃው ስትወርድ አይቻታለሁ። ፊቷ እንደ ወረቀት ነጭ ሆኖ ነበር። ደህና ዋሉ እንኳ አላለችኝም።»

«ተጣልተው ነበር?»

«ማክሰኞ ዕለት ጩኸቷ በማሽኑ ድምፅ ላይ አልፎ ይሰማኝ ነበር። የእሳቸው አይሰማም፤ የእሷ ብቻ። ከግድግዳ ጋር የምትጣላ ነበር የምትመስለው።»

የገጠሯ ደራሲ ሚርታ ኢሪጎይቲ ትባላለች፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ከወንዝ ዳሯ መንደር ከፓሶ ሆንዶ መጥታ በአንድ የኪራይ ቤት ያረፈች፣ በሥጋ ፋብሪካ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት። የጣቶቿ ጫፍ በብርድ ተሰነጣጥቋል። ኤቻርት ሲያስጠራት ትንሿን ሻንጣዋን ይዛ መጣች፤ እንደምትታሰር የወሰነች ትመስል ነበር።

«በአስር ተኩል ለምን መጣሽ?»

«ልለምናቸው። አንኳኳሁ፤ ዝም አሉኝ። መልስ መንሳታቸው መስሎኝ ተመለስኩ።»

«ምን ልትለምኛቸው?»

«መጽሐፌን ሰባት ዓመት ነው የጻፍኩት፤ ጎርፉ ሰፈራችንን ስለወሰደበት ሌሊት ነው። እንቀበለዋለን የሚል ደብዳቤያቸው ሲመጣ እናቴ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ስመጣ ‹ሦስት መቶ ገጽ አምጥተሽልኛል፤ ሁለት መቶው መጽሐፍ ነው› አሉኝ። እሺ አልኩ። ርዕሱን ቀየሩት፤ እሺ አልኩ። አያቴን አወጧት፤ እሺ አልኩ። ከኅዳግ ላይ በቀይ ‹አንባቢ እዚህ ይተኛል› ብለው ይጽፉልኛል፤ እኔም በፈረቃ መሀል ቁጭ ብዬ እንደገና እጽፋለሁ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ብዙው ቦታ ልክ ነበሩ።»

«ታዲያ ማክሰኞ ምን ተፈጠረ?»

«የመጨረሻውን ምዕራፍ ቆረጡት። እዚያ ያሉት ስሞች የሞቱብን ሰዎች ናቸው፤ አስራ ዘጠኝ። አስከሬናቸው ያልተገኘም አለ፤ መቃብር የላቸውም። ለየቤተሰቡ በመጽሐፉ ይኖራሉ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። እሳቸው ግን ‹ስም ዝርዝር ሥነ ጽሑፍ አይደለም፣ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው› አሉኝ።»

ከሻንጣዋ አንድ ደብዳቤ አወጣች። ዶኛ ኢግናሲያ የምትባል ጎረቤቷ በባለሱቁ እጅ ያስጻፈችው ነው። ሁለት መስመር ብቻ ነበረው። «ሚርታዬ፣ ቲቶዬ ስንተኛ ገጽ ላይ ነው? ዓይኔ ስለደከመ ገጹን አውቄ ሰው እንዲያነብልኝ ነው።»

«የረቂቁ ሌላ ቅጂ አለሽ?» ሲል ኤቻርት ጠየቃት።

«የካርቦን ግልባጩንም አምጪ ብለውኝ ሰጥቻቸዋለሁ። በመቀስ እየቆራረጡ የሚለጥፉት እሱን ነው። ያ ምዕራፍ ሳይቆረጥ ያለው ጠረጴዛቸው ላይ ብቻ ነው።» ቀና ብላ አየችው። «መታሰርን አይደለም የምፈራው። ከታሰርኩ ግን ማንም አያትመውም፤ ገባዎት?»

ገብቶታል። ደብዳቤውን አጥፎ መለሰላት።

አራሚው ዶን አውሬሊዮ ፒንቶስ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። በጠባቡ ክፍላቸው፣ እስከ ኮርኒሱ በተከመረ ወረቀት መሀል፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተቀምጠው ነበር።

«ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የት ነበሩ?»

አዛውንቱ መዳፋቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አደረጉ። «ምን አሉኝ?»

ኤቻርት ጮኾ ደገመው።

«እዚሁ። ዓይኔን ስላመመኝ ጋደም ብዬ ነበር። ዛሬ እርሳስ አልነካሁም።»

«ከጎን ክፍል ምንም አልሰሙም?»

«እኔ እኮ የካቴድራሉ ደወል መደወሉን የማውቀው ወለሉ እግሬን ሲያነዝረኝ ነው» አሉ ዶን አውሬሊዮ ፈገግ ብለው። ፈገግ ሲሉ የታችኛው ከንፈራቸው መሀል ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ታየ። ጠረጴዛቸው ላይ ባለው ኩባያ ውስጥ በምራቅ ሲርሱ ሐምራዊ የሚጽፉ እርሳሶች ቆመዋል። ኤቻርት አንዷን አንስቶ ጫፏን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ወደ ቦታዋ መለሳት።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ አራቱንም በሟቹ ክፍል ሰበሰባቸው። በሩ አጠገብ አንድ የፖሊስ ጸሐፊ ታይፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሚርታ ሻንጣዋን አልለቀቀችም። ሮዶልፎ ገና ያልደረቁ የሐዘን ካርዶች በእጁ ይዞ ገባ፤ ቀብሩ ነገ ነው።

ኤቻርት ቃሉ ለአዛውንቱ እንዲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጀመረ።

«አባቴ በፍርድ ቤት የውል መዝጋቢ ነበር። ውል ሲገለበጥ ሁለት ሰው ይቀመጣል። አንዱ ዋናውን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ግልባጩን በዓይኑ ይከተላል። አንባቢው ነጠላ ሰረዙንም ነጥቡንም በቃል ይጠራል፤ አለዚያ ተከታዩ ምልክት መጉደሉን በምን ያውቃል? በማተሚያ ቤትም እንዲሁ ይሠራ ነበር። አይደለም ዶን ሮዶልፎ?»

«ድሮ ነው እሱ። አሁን ለሁለት ሰው ጊዜ ማን ይከፍላል?»

«ለዚህ ነው ቼላ ያልገባት። እሷ የሰማችው አለቃዋ ለብቻቸው ስም ሲጠሩ ነው። እኔ ግን ነጠላ ሰረዝ የሚለውን ስሰማ ቆምኩ። ሰው ለራሱ ሲያነብ ነጠላ ሰረዝ አይጠራም። ስለዚህ አስር ሰዓት ላይ ዶን ላዲስላኦ ብቻቸውን አልነበሩም። ከፊታቸው በእጁ ወረቀት ይዞ የሚከተላቸው ሰው ነበር።»

የሚርታ ጣቶች በሻንጣው እጀታ ላይ ጠበቁ።

«ሁለተኛው ነገር ድምፃቸው ነው። በሹክሹክታ የሚኖር፣ ጉሮሮው የታመመ ሰው ለምን ይጮኻል? ለዚች ልጅ ቢሆን አይጮኹም፤ ማክሰኞ ስትጣላቸው እንኳ የተሰማው የእሷ ድምፅ ብቻ ነው። ለአታሚውም አይጮኹም። ሰው ጉሮሮውን እያቃጠለው የሚጮኸው ካልጮኸ ለማይሰማው ሰው ነው።»

ቼላ ቀስ ብላ ወደ አራሚው ዞረች። ዶን አውሬሊዮ እጃቸውን ከጆሯቸው አላወረዱም፤ አንዲት ቃል እንዳታመልጣቸው በትጋት እየሰሙ ነበር።

«ሦስተኛው፣ ያ ሰው በእጁ የያዘው ምን ነበር? ፕሩፍ መሆን አለበት፤ ለእርማት የሚወጣ የሙከራ ኅትመት። ግን ይህ ምዕራፍ ተቆርጧል፤ የተቆረጠ ምዕራፍ ደግሞ የብረት ፊደሉ ለኅትመት አይለቀምም። ዶን ሮዶልፎ፣ አሁን በቀጥታ ልጠይቅዎ። ተለቅሟል?»

አታሚው ጭንቅላቱን አከከ። «ተለቅሟል፤ ረቡዕ ዕለት። ወረቀቱ በዶን አውሬሊዮ ፊርማ ነው የወረደልኝ፤ እኔ ደግሞ ላለፉት ሃያ ዓመታት ያለ እሱ ፊርማ ሠርቼ አላውቅም። ተቆርጧል ያለኝ ሰው የለም፤ የጠየቀኝም የለም። አንድ ፕሩፍ አውጥቼ ለእሳቸው ሰጠሁ።»

«ተለቅሞ ነበር?» አለች ሚርታ። ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ነገር ሁሉም ሰሙት፤ ደስታ ነበር። ኤቻርት ፊቱን አዞረ።

«ዶን አውሬሊዮ» አለ፤ «ትናንት እርሳስ አልነካሁም ብለውኛል። ከንፈርዎ ግን ሐምራዊ ነበር፤ እርሳስዎም ጫፏ ገና እርጥብ ነበረች። የመካከለኛው በር ከእርስዎ በኩል ይከፈታል። ቼላ ማንም ሲገባ ያላየችውም ለዚህ ነው። እኔ የማላውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ንባቡ አስራ አንደኛው ስም ላይ ቆመ፤ ከዚያ በታች ያለውን በቀይ ሰረዙት። ምን አሉዎት?»

አዛውንቱ እጃቸውን አወረዱ። ሲናገሩ ወደ መርማሪው አላዩም፤ የሚያዩት ሚርታን ነበር።

«ልጄ፣ ወደዚህ ቤት የመጣሁት እንዳንቺ ነው፤ ልቦለድ ይዤ። ያኔ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነበር። ላዲስላኦ የመጨረሻዋን ገጽ አውጥቶ ራሱ በጻፋት ተካት። መጽሐፉ ወጣ። ያመሰገኑኝ ጥቂት ሰዎች ሁሉ ያመሰገኑት ያቺን ገጽ ነው። ከዚያ ወዲህ የራሴን አንድ መስመር አልጻፍኩም፤ የሰው ነጠላ ሰረዝ ስለቅም ኖርኩ። ያንቺን ሳነብ ይቺ እንኳ ትዳን አልኩ። ፊደሉን በስርቆት አስለቀምኩት።»

ካፖርታቸውን ሰበሰቡ። «ትናንት ነገርኩት። እስኪ አንድ ጊዜ ብቻ እንደ ድሮው አብረን እናንብበው፤ ስሞቹን በራስህ አፍ ጥራቸውና ከዚያ ቁረጥ አልኩት። እሺ አለኝ። ጉሮሮውን እያመመው ጮኸልኝ፤ ልቡ የተነካ መሰለኝ። አስራ አንደኛው ላይ ሲደርስ ወረቀቱን አስቀምጦ ሳቀ። ‹አየህ አውሬሊዮ፣ እኔም ሰለቸኝ› አለ። ‹ያንተም ጊዜ እንዲህ ነው ያዳንኩህ› አለኝ፤ መስመሩንም አሰመረ። ጎንበስ ብሎ ሲያሰምር...»

ዓይናቸውን የወረቀት መጫኛው ብረት ወደነበረበት የጠረጴዛው ጥግ አዞሩ። ታይፑ ጥቂት ተንኳኳና ቆመ።

«ትናንት በአስር ተኩል ስታንኳኪ እዚህ ነበርኩ» አሉ። «አልሰማሁሽም ልጄ። ብሰማሽ እከፍትልሽ ነበር።»

ከካፖርታቸው ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ረጅም ወረቀት አወጡና ለሚርታ ዘረጉላት። ፕሩፉ ነበር። በኅዳጉ ላይ ከእያንዳንዱ ስም ትይዩ አንድ አንድ ሐምራዊ ነጥብ አለ፤ እስከ አስራ አንደኛው ድረስ። ከዚያ በታች ቡናማ ሆኖ የደረቀ የደም ፍንጣቂ ነው። ሚርታ በሁለት እጇ ተቀበለችው። ቲቶ አስራ አራተኛው ነበር። ስሙን ታትሞ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ ኤቻርት፤ እጁንም ዘረጋ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ልገልብጠው።»

«ማስረጃ ነው። ረቂቁም ጭምር። ዛሬውኑ ለዳኛው መድረስ አለበት።»

«መቼ ይመለስልኛል?»

ሊዋሻት ይችል ነበር። «ከዚህ በፊት ያስገባሁት እንዲህ ያለ ወረቀት ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል» አለ።

ሰጠችው። ከዚያ ወደ ሮዶልፎ ዞረች። «ፊደሉ ግን አለ። ፊደሉን ማንም አይወስደውም። ሌላ ፕሩፍ ያወጡልኛል አይደል ዶን ሮዶልፎ?»

ቀልደኛው ሰውዬ ካርዶቹን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ዛሬ ጠዋት አቀለጥኩት፣ እህቴ። ፕሩፉ ተፈርሞ ያልተመለሰ ሥራ ይቀልጣል፤ ደንባችን ነው። እና ደግሞ... ብረት አጥሮኝ ነበር። ይሄን ካርድ ለማተም።»

ሚርታ ካርዱን አየችው። ወፍራም ጥቁር ፍሬም፣ መስቀል፣ ከሥሩም በትላልቅ ፊደላት ላዲስላኦ ቤሩቲ።

«የቀረውስ? ከስሞቹ በፊት ያለው ሁለት መቶ አስራ አንዱ ገጽ?»

«የዶን ላዲስላኦ መበለት ቃል ልከውብኛል። ቤቱ ሰኞ ይዘጋል፤ ያለው ሁሉ ይቀልጣል።» ከዚያ የሚያጽናና ነገር የተናገረ መስሎት «እንደገና ትጽፊዋለሽ፤ ልጅ ነሽ» አለ።

የፖሊሱ ጸሐፊ የዶን አውሬሊዮን ቃል አውጥቶ ለፊርማ አቀረበ። አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበቡት። እርሳሳቸውን በምላሳቸው አርሰው አንዲት ነጠላ ሰረዝ ጨመሩ። ከዚያ ፈረሙና ራሳቸው ቀድመው ወጡ።

ኤቻርት ሚርታን እስከ ደጁ ሸኛት። ነፋሱ ባርኔጣውን ሊነጥቀው ሲታገል በእጁ ያዘው።

«ስሞቹን በቃልሽ ታውቂያቸዋለሽ?»

«አዎ። ያንን ሌሊት የጻፍኩበትን ቃል ግን አላስታውሰውም። ሰባት ዓመት ነው የፈለግኩት።» እጁን ጨበጠችውና ሄደች። ከእስር ስላዳናት አላመሰገነችውም፤ እሱም አልጠበቀም።

የፓሶ ሆንዶ አውቶቡስ እስኪነሣ አንድ ሰዓት ያህል ነበራት። በመናኸሪያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የዶኛ ኢግናሲያን ደብዳቤ አነበበች። ወረቀት ፈለገች፤ ሻንጣዋ ውስጥ ያለው ሮዶልፎ በእጇ ያስያዛት የሐዘን ካርድ ብቻ ነው። ጀርባው ባዶ ነበር።

«ዶኛ ኢግናሲያ» ብላ ጻፈች። ቀና አለች። አጠገቧ አንዲት ሴት ዶሮ በቅርጫት ይዛ ከሹፌሩ ጋር ትከራከራለች። ሚርታ እንደገና አጎነበሰች።

«ቲቶ ገጽ ሁለት መቶ አስራ ሁለት ላይ ነው። ከላይ ሲቆጠር አስራ አራተኛው።»

ሌላ የምትጨምረው አልነበራትም። አውቶቡሱ ሲጠራ ካርዱን አጠፈችው። በካርዱ ፊት የታተመው ስም ቀለሙ ገና ስላልደረቀ አውራ ጣቷን አጠቆረው።